«ከኢንተርኔት አትውሰዱ» መመሪያ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ለተማሪዎች የታሪክ አሳይመንት ሲሰጥ ሁለት ትእዛዞች አይቀሩም። አንዱ «ቢያንስ አምስት ዋቢ ጥቀሱ» ይላል፤ ሌላው «ከኢንተርኔት እንዳትወስዱ» ይላል። ተማሪው ሁለቱንም በአንድ ምሽት ያሟላል። ጎግል መጀመሪያ ያመጣለትን ጽሑፍ ቃላቱን ለዋውጦ ይገለብጣል፤ በዚያው ጽሑፍ ግርጌ የተዘረዘሩትን አምስት መጻሕፍት ደግሞ ራሱ ያነበባቸው አስመስሎ ይደረድራል። ወረቀቱ ዋቢ አለው፤ ኢንተርኔት የሚል ቃልም አይታይበትም። ትእዛዙ ተከብሮ ጥናቱ ሳይካሄድ ይቀራል።

የኢትዮጵያን ታሪክ ለሚያጠና ተማሪ ኢንተርኔት ላይ የሚታመን ምንጭ አልጠፋም። ቀድሞ ለንደን፣ ፓሪስ ወይም ጄኔቫ ድረስ ካልሄዱ የማይታዩ ሰነዶች ዛሬ በስልክ ይከፈታሉ። ያስቸገረው ነገር በተለመደው አፈላለግ አለመምጣታቸው ነው። መምህራን ክልከላውን ትተው ለምን እንደማይመጡና በየት በኩል እንደሚገኙ ቢያስተምሩ ይሻላል ባይ ነኝ። ዝርዝሩ ረዘም ስለሚል ትዕግሥታችሁን እጠይቃለሁ።

ከፊደል ልጀምር፤ ብዙ ፍለጋ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነውና። «አፄ» ብሎ የፈለገ ተማሪ «ዐፄ»፣ «ዓፄ»፣ «አጼ»፣ «ዐጼ»፣ «ዓጼ» ተብለው የተጻፉት ሊያመልጡት ይችላሉ። «አጤ»ን ሳንቆጥር ስድስት አጻጻፍ ማለት ነው። «ኃይለ ሥላሴ» ላይ ሲደርስ ደግሞ የ«ኃ»ና የ«ሥ» ሞክሼዎች ይባዛሉ፤ ስሙን አጋጥሞ የሚጽፍ አለ፣ ነጣጥሎ የሚጽፍ አለ። ጎግል ከእነዚህ አንዳንዱን ለማቀራረብ ይሞክራል። የቤተ መጻሕፍት ካታሎጎችና የተቋማት ማኅደሮች ግን ብዙውን ጊዜ የሚያዩት የተጻፈላቸውን ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ ፍለጋ ከመጀመሩ በፊት የስሙን አጻጻፎች ሁሉ ወረቀት ላይ መዘርዘርና አንድ በአንድ እየሞከሩ መሰረዝ ያስፈልጋል። አሰልቺ ነው፤ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

በላቲን ፊደል ሲሆን ይብሳል። ዐድዋ በዛሬ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ኤ-ዲ-ደብሊው-ኤ፣ በድሮዎቹ ኤ-ዲ-ኦ-ደብሊው-ኤ፣ በጣልያንኛ ኤ-ዲ-ዩ-ኤ ተብላ ትጻፋለች። በምኒልክ ስም ከ«ኤም» ቀጥሎ አንዱ «ኢ» ያስገባል፣ ሌላው «አይ»። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ሰነድ «ኢትዮጵያ» በሚል ቃል ብቻ የሚፈልግ ሰው ብዙ ነገር ይቀርበታል፤ የዚያ ዘመን አውሮፓውያን በአብዛኛው «አቢሲኒያ» ነበር የሚሉት። እሱም ቢሆን በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ከ«ቢ» ቀጥሎ «ዋይ»፣ በጣልያንኛ «አይ»፣ በጀርመንኛ «ኢ» ይገባበታል። የአገራችን ምሁራን ስምም እንዲሁ ይገለባበጣል። እኛ ባሕሩ ዘውዴን «ባሕሩ» በሚለው ስም እንደረድራለን፤ የውጭ መጽሔቶችና ጎግል ስኮላር የሚባለው የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ «ዘውዴ»ን አስቀድመው «ባሕሩ»ን በአንድ ፊደል ሊያሳጥሩት ይችላሉ። በሁለቱም መፈለግ ነው። እንደ አሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያሉ ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የአማርኛ መጻሕፍትን ርእስ ራሳቸው በደነገጉት የላቲን አጻጻፍ ይመዘግባሉ። በዚያ አጻጻፍ የግዕዙ ፊደል፣ ማለትም ለ፣ መ፣ የ የሚባለው፣ በ«ኤ» ስለሚጻፍ «የኢትዮጵያ» የሚጀምረው በ«ዋይ-ኤ» ነው። እንደ ልማዳችን በ«ዋይ-ኢ» የጻፈ ሰው መጽሐፉ እዚያው እያለ «አልተገኘም» የሚል መልስ ይደርሰዋል።

ሌላም ወጥመድ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደሎች የጋራ የኮምፒዩተር ኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት የመመረቂያ ጽሑፎችና መጽሔቶች በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ፣ ማለትም ዩኒኮድን በማይከተሉ የድሮ የመተየቢያ ፕሮግራሞች፣ ሲተየቡ ቆይተዋል። እንዲህ ያለ ፒዲኤፍ ለዓይን ጥሩ አማርኛ ነው፤ አንድ መስመር ኮፒ አድርገው ሌላ ቦታ ሲለጥፉት ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ጎግልም የሚያነበው ዝብርቅርቁን ስለሆነ በአማርኛ ቃል ቢፈለግ አይገኝም። መፍትሔው የጽሑፉን የእንግሊዝኛ ርእስ ወይም የአብስትራክቱን ቃላት መፈለግ ነው። ፋይሉ ከተገኘ በኋላም በውስጡ የ«ፈልግ» ቁልፍን ተጭኖ «የለም» ሲል ማመን አይገባም፤ ገጽ በገጽ ማንበብ ግድ ይሆናል።

ሰዎች የሚረሱት አንድ ትንሽ ነገርም ልጨምር። አንድን ሐረግ እንዳለ ለመፈለግ በእንግሊዝኛው ቀጥ ያለ የጥቅስ ምልክት ውስጥ ማስገባት ነው። አንድ ድረ ገጽ ውስጥ ብቻ ለመፈለግ ደግሞ «ሳይት» የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ጽፎ፣ ኮለን አድርጎ፣ ያለ ክፍተት የድረ ገጹን አድራሻ ማስከተልና ከዚያ የሚፈለገውን ቃል መጻፍ ይቻላል። ኮለኑ ከእንግሊዝኛው ኪቦርድ መምጣት አለበት። ከአማርኛው ኪቦርድ የሚወጣው «፡» መልኩ ቢመሳሰልም ለኮምፒዩተሩ ሌላ ምልክት ስለሆነ ትእዛዙ አይሠራም።

ከፊደል ቀጥሎ ፍለጋንም ጽሑፍንም የሚያበላሸው የዘመን አቆጣጠር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ያለው ልዩነት 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት መሆኑን ሁሉም ተማሪ ያውቃል። ሲጽፍ ግን «1896 ዓ.ም. የዐድዋ ጦርነት» ብሎ ያስቀምጣል፤ ያነበበው ጽሑፍ የማንን አቆጣጠር እንደሚጠቀም አላጣራምና። ምንጩ ወርና ቀን ሳይጠቅስ «1928 ዓ.ም.» ብቻ ካለ በአውሮፓውያን አንድ ዓመት መርጦ መጻፍ ስሕተት ነው፤ «1935/36» ተብሎ በሰያፍ መስመር ይጻፋል።

የቀኑ ጉዳይ ከዚህም የረቀቀ ነው። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። አንዳንድ ድረ ገጽ ማርች 1 ይላል፣ አንዳንዱ ማርች 2፤ ተማሪው ግራ ገብቶት አንዱን ይመርጣል። ውጊያው የተካሄደው ማርች 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ. ነበር። ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ግን ማርች 2 ላይ ነው። ምክንያቱም በግሪጎርያን አቆጣጠር 1900 ሠግር ዓመት (ባለ 366 ቀን) አልሆነም፤ በእኛ አቆጣጠር ግን ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ያለማቋረጥ 6 ትሆናለች። ስለዚህ በ1900 እ.ኤ.አ. በሁለቱ መካከል አንድ ቀን ተጨመረ። «መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው» በሚለው የዛሬ ስሌት የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ቀን የሚያሰላ ሰው ሁልጊዜ አንድ ቀን ይዘገያል። የግሪጎርያን አቆጣጠር ከጀመረበት ከ1582 እ.ኤ.አ. በፊት ላለው ዘመን ደግሞ የታሪክ ጸሐፊዎች የሚጠቀሙት የጁልየስን አቆጣጠር ስለሆነ መስከረም 1 በኦገስት 29 ይውላል። አንድን የቀን መለወጫ ድረ ገጽ ከመጠቀም በፊት የካቲት 23 ቀን 1888ን አስገብቶ መፈተን ይቻላል፤ ማርች 2 ካለ ለድሮ ዘመን አይታመንም።

አሁን ወደ ቦታዎቹ። የጥናት ጽሑፍ ለሚፈልግ ተማሪ መነሻው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያሳትመው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ነው። የቀድሞ እትሞቹ ጄስቶር በሚባለው የመጽሔቶች ማከማቻ ውስጥ አሉ። ጄስቶር ላይ በነጻ የግል አካውንት በ30 ቀን ውስጥ እስከ 100 ጽሑፍ በስክሪን ማንበብ ይቻላል፤ ማውረድ ግን አይፈቅድም። ብዙ ተማሪ «ይክፈሉ» የሚለውን ሲያይ ይዘጋውና ይሄዳል፤ ከጎኑ ያለውን በነጻ የማንበቢያ ቁልፍ አያየውም። ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመው የፈረንሳዮቹ አናል ዴትዮፒ ፐርሴ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ፣ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሃምቡርግ የሚዘጋጀው ኤትዮፒካ ደግሞ በራሱ ገጽ ላይ በነጻ ይነበባሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማኅደርም አለ። እንደ እኔ እምነት ለጀማሪ ከሁሉም የሚጠቅመው እሱ ነው፤ ስለ አንድ አውራጃ፣ ስለ አንድ ገበያ ወይም ስለ አንድ ትምህርት ቤት ታሪክ በሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ይገኝበታል። የማስተርስ ጽሑፍ የመጨረሻ ገጾችን፣ ማለትም የሰነዶችንና የቃል መረጃ ሰጪዎችን ዝርዝር፣ መጀመሪያ ማንበብ ይገባል። አጥኚው የት ቤተ መዛግብት ገብቶ የትኛውን ፎልደር እንደከፈተ እዚያ ይታያል።

ለብራናና ለዜና መዋዕል በአሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ትልቁ በር ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎች ቅጂ አለው፤ ብዙዎቹ በድረ ገጹ ላይ በነጻ ተመዝግቦ ሊታዩ ይችላሉ። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋሊካ በሚባለው ገጹ ላይ የፈረንሳዊውን ተጓዥ የዳባዲን ስብስብ ጨምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎችን አስቀምጧል። የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት በ2004 እ.ኤ.አ. የጀመረው ለአደጋ የተጋለጡ ማኅደሮች ፕሮግራም ደግሞ በየገዳማቱ ያሉትን በፎቶ ያነሣል። በብራና ጥቅስ ላይ የገጽ ቁጥር የለም። የሚጻፈው የስብስቡ ስም፣ የብራናው ቁጥርና የቅጠሉ ቁጥር ነው፤ የቅጠሉ ፊትና ጀርባም ይለያል። «ከጋሊካ የተወሰደ» ብሎ ማለፍ «ከመጽሐፍ መደርደሪያ የተወሰደ» እንደማለት ነው።

ለ20ኛው ክፍለ ዘመን ዲፕሎማሲ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የታሪክ ክፍል የሚያወጣው የሰነዶች ተከታታይ እትም አለ። እትሙ በ1861 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን ሙሉ ጽሑፉ በነጻ ይፈለጋል፤ የ1977–1980 እ.ኤ.አ. ክፍል ቅጽ 17 ስለ አፍሪካ ቀንድ ነው። የብሪታንያ ፓርላማ ክርክር ከ1803 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ያለው ተተይቦ ተቀምጧል። የመቅደላ ዘመቻ ገንዘብ በኅዳር 1860 ዓ.ም. ሲጠየቅ የምክር ቤት አባላቱ ምን እንዳሉ ይነበባል። በጄኔቫ ያለው የተባበሩት መንግሥታት ቤተ መጻሕፍት ከመንግሥታቱ ማኅበር መዛግብት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገጾችን ስካን አድርጎ ክፍት አድርጓቸዋል። ይህ ስለ ጣልያን ወረራ ለሚጽፍ ሰው የማይታለፍ ነው።

ሰነዱ ከተገኘ በኋላ ምን ሊመሰክር እንደሚችል መጠየቅ ይቀራል። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ጥሩ ማሳያ ነው። በአማርኛው 31/1967፣ በእንግሊዝኛው 31/1975 ተብሎ ይጠቀሳል፤ አዋጁ አንድ ነው፣ ዓመቱ ብቻ በሁለት አቆጣጠር ተጽፏል። ሁለት አዋጅ አድርገው የጻፉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው ጽሑፍ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከዚህ ተነሥቶ «እያንዳንዱ ገበሬ 10 ሄክታር አገኘ» ብሎ የሚጽፍ አለ። አዋጁ የሚነግረን ጣሪያውን ነው፤ በአንድ ቀበሌ በተግባር ስንት ደረሰው የሚለውን ለማወቅ የጥናት ጽሑፎችንና የቃል ምስክርነትን መፈለግ ያስፈልጋል። የኤምባሲ ቴሌግራምም እንዲሁ ነው፤ ኤምባሲው በዚያ ቀን ምን እንደመሰለው በደንብ ይነግራል፤ የሆነውን ነገር ለማወቅ ግን ሌላ ምንጭ ይጠይቃል።

ቁጥር ላይ ጠንከር ማለት ይገባል። በዐድዋ የጣልያን ጦር ከ17 ሺህ በላይ ሰውና 56 መድፍ እንደነበረው በሰፊው ይጻፋል፤ የኢትዮጵያ ሠራዊት ግን ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው በአሥር ሺዎች ይለያያል። ልዩነቱ የመጣው ከአቆጣጠሩ ነው። የጣልያኑ ቁጥር ከጦሩ መዝገብ የመጣ ሲሆን የእኛው በየመኳንንቱ ሥር የተሰበሰበን ሠራዊት ከውጭ ሆነው የገመቱ ሰዎች የሰጡት ግምት ነው። በሞቱት ቁጥርም ጣልያኖቹን ብቻ የሚቆጥር አለ፣ አስካሪዎቹንም (በጣልያን ጦር ውስጥ የተዋጉትን አፍሪካውያን) የሚደምር አለ። ሁለቱን አማካይ አድርጎ መጻፍ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ማንም ያልቆጠረውን አዲስ ቁጥር ይፈጥራል። ከቁጥሩ ጎን «እገሌ እንደገመተው» ብሎ ሁለቱንም ማስቀመጥ በቂ ነው።

የድሮ የውጭ ጋዜጦችን በነጻ የሚያስነብቡ ትልልቅ ስብስቦች አሉ፤ የአውስትራሊያው ትሮቭና የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የጋዜጦች ስብስብ ይጠቀሳሉ። በ1928 ዓ.ም. ስለ ማይጨው ጦርነት በሃያ ጋዜጦች የወጣ ወሬ ቢገኝ ሃያ ምንጭ አይደለም። መጀመሪያው ወይም መጨረሻው መስመር ላይ የዜና ወኪሉ ስም ይኖራል፤ ያው አንድ ቴሌግራም ሃያ ቦታ ታትሟል። በሌላ በኩል እነዚህ ገጾች በኮምፒዩተር የተነበቡ በመሆናቸው የፊደል ስሕተት ሞልቶባቸዋል። የቦታ ስም ሲፈለግ የማይመጣው አንዳንዴ በዚህ ነው፤ የተጠቀሰው ቃልና ቁጥር ከምስሉ ጋር መነጻጸር አለበት።

ስለ ንግግር ጥቅሶች አንድ ምሳሌ ይብቃ። ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ያደረጉት ንግግር ሲነሣ «ዛሬ በእኛ፣ ነገ በእናንተ» የሚለው ጥቅስ በየፌስቡኩ ይለጠፋል። የቀረበውን ንግግር ጽሑፍ ከፍቶ የሚያነብ ሰው ይህን ዐረፍተ ነገር አያገኘውም፤ ንግግሩ የሚያበቃው ለሕዝባቸው ምን መልስ ይዘው እንደሚመለሱ በመጠየቅ ነው። ጥቅሱ ሌላ ቦታ ተብሎ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ያ ሌላ ቦታ ይጠቀሳል። በ1963 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ 18ኛ ጉባኤ ላይ ያደረጉትም ንግግር ቃለ ጉባኤው በድርጅቱ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ስለሚገኝ ከፖስተር መጥቀስ አያስፈልግም።

ፎቶም እንደዚሁ ይጣራል። ጎግል ሌንስ ወይም ቲንአይ ላይ ምስሉን አስገብቶ መጀመሪያ የት እንደወጣ ማየት አንድ ነገር ነው። ምስሉ ራሱም ይናገራል። «ዐድዋ 1888» የተባለ ፎቶ ላይ ወታደሮቹ የብረት ቆብ ካደረጉ ፎቶው የዚያ ዘመን አይደለም፤ የብረት ቆብ በአውሮፓ ጦር ውስጥ የተስፋፋው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ምስል የ1928ቱ ወረራ ሆኖ ይገኛል። የዚያን ዘመን ፊልም በብዛት የሚያስቀምጠው የጣልያኑ ሉቼ ተቋም ነው። የፋሺስት መንግሥት የፕሮፓጋንዳ ክፍል ሆኖ ስለሠራ ካሜራው ወዴት እንዳልዞረ ጭምር መጠየቅ ይገባል።

ውክፔዲያን ስለ መከልከል ብዙ ተብሏል። ለመነሻ ያህል ማንበብ አይጎዳም፤ ከእሱ የሚወሰደው የግርጌ ማስታወሻው ነው። ማስታወሻው ወደ ጋዜጣ ከመራ ግን የጋዜጣው ቀን ከገጹ የለውጥ ታሪክ ጋር መነጻጸር አለበት። ዐረፍተ ነገሩ ገጹ ላይ ከገባ በኋላ ጋዜጣው ከጻፈው፣ ጋዜጠኛው የወሰደው ከዚያው ገጽ ሊሆን ይችላል፤ ገጹም ጋዜጣውን ምስክር አድርጎ ክቡ ይዘጋል።

ተማሪዎቻችን መጽሐፍ የሚያገኙት በአብዛኛው ከቴሌግራም ቻናል ነው፤ ይህን ሳንክድ ብንነጋገር ይሻላል። እነዚያ ፒዲኤፎች ብዙ ጊዜ ሽፋንና የኅትመት ገጽ የላቸውም፤ አንዳንዶቹ እንደገና የተተየቡ ስለሆኑ የገጽ ቁጥራቸው ከመጽሐፉ ጋር አይገጥምም፤ አንዳንዶቹ ምዕራፍ ይጎድላቸዋል። በእጅ ያለውን ቅጂ እንደ ታተመው መጽሐፍ ከመጥቀስ በፊት ዓመተ ምሕረቱን፣ እትሙንና የገጹን ብዛት ከወርልድካት (የዓለም ቤተ መጻሕፍት የጋራ ካታሎግ) ወይም ከአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ማመሳከር ነው። እትም መለየት ለውጭ መጻሕፍትም ይሠራል። የጄምስ ብሩስ የጉዞ መጽሐፍ መጀመሪያ በ1790 እ.ኤ.አ. የወጣው በ5 ቅጽ ነው፤ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ግን የቅጽ ብዛታቸውና ገጻቸው የተለየ የኋላ እትሞችም አሉ። «ብሩስ፣ ቅጽ 3፣ ገጽ እገሌ» ብሎ እትሙን ያልጻፈ ሰው አንባቢውን የትም አያደርሰውም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ጠይቆ ዋቢ መቀበል አሁን የመጣ አደጋ ነው። የሚሰጠው ዝርዝር የደራሲ ስም፣ የመጽሔት ስም፣ ቅጽና ገጽ ይኖረዋል፤ ጽሑፉ ግን ላይኖር ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው። ርእሱን በጥቅስ ምልክት አስገብቶ በጎግል ስኮላር መፈለግ፤ ዲኦአይ ቁጥር (የጽሑፉ ቋሚ መለያ) ካለው ያንን መክፈት፤ ቅጹንና ዓመቱን ማስተያየት። የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ቅጽ 1 የወጣው በ1963 እ.ኤ.አ. ነውና «ቅጽ 12፣ 1961» የሚል ጥቅስ ካመጣ እዚያው ይወድቃል። ጽሑፉ በእውን ካለም ገጹን ከፍቶ የተባለው ነገር መኖሩን ማየት ይቀራል፤ ትክክለኛ ጽሑፍ ጠቅሶ ያልተባለ ነገር ማስባልም ይችላልና።

የተገኘው ነገር እንዳይጠፋ አመዘጋገቡ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ከአድራሻ መስመሩ ላይ የሚቀዳው ረጅም ሊንክ በማግሥቱ ላይከፈት ይችላል። ጄስቶር «ቋሚ አድራሻ»፣ ጋሊካ አርክ፣ የዩኒቨርሲቲ ማኅደሮች ሃንድል የሚሉት አጭር አድራሻ አላቸው፤ የሚጻፈው እሱ ነው። ተራ ድረ ገጽ ከሆነ ድረ ገጾችን እንዳሉ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ «ገጹን አስቀምጥ» ብሎ የተቀመጠውን ቅጂ አድራሻ መያዝ ነው፤ የታየበትም ቀን ይጻፋል። ትልቅ ተቋም ነው ብሎ መተማመን አይበቃም። የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. የሳይበር ጥቃት ደርሶበት የብራናዎቹ ምስል ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ሊንክ ብቻ የያዘ ሰው ባዶ እጁን ቀረ፤ የብራናውን ቁጥርና ቅጠል የጻፈ ግን ያንኑ ብራና በሌላ ቅጂ ወይም በታተመ ካታሎግ መከታተል ይችል ነበር። ለዩቲዩብ ቃለ መጠይቅም የተናጋሪው ስም፣ የተቀዳበት ጊዜና ነገሩ የተነገረበት ደቂቃና ሰከንድ ይያዝ።

ለአሳይመንቱ ትእዛዝ ምትክ ይሆን ዘንድ መምህራን ይህን ቢሞክሩት እላለሁ፤ አምስት ዋቢ በመጠየቅ ፋንታ ሁለት ብቻ ይጠየቅ፤ አንዱ የዘመኑ ሰነድ፣ አንዱ የጥናት ጽሑፍ። ከእያንዳንዱ የተጠቀሰው ገጽ ስክሪን ሾት ከወረቀቱ ጋር ይያያዝ፤ የተፈለገባቸው ቃላትና ያልሠሩት አጻጻፎችም በግማሽ ገጽ ይጻፉ። መምህሩ ለማረም ደቂቃዎች ይበቁታል፤ ተማሪውም ያላየውን መጽሐፍ መደርደር አይችልም።

ለዝግጅት ክፍላችሁም ሁለት ጥያቄ አለኝ። በታሪክ ዓምድ ላይ ቀን ስትጠቅሱ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው ሳይጻፍ እንዳይቀር፤ የሰነድ ፎቶ ስታወጡም ከየት ቤተ መዛግብት፣ በምን ቁጥር እንደተገኘ በሥሩ አስፍሩ። ሌላው የራሳችሁ የቀድሞ እትሞች ጉዳይ ነው። ድረ ገጽ በታደሰ ቁጥር የቀድሞው ሊንክ ሁሉ ይሞታል፤ ትናንት ጋዜጣችሁን የጠቀሰ ተማሪ ዛሬ ማስረጃ የለውም። እትሞቹን ገጽ ሳይቆራረጥ ስካን አድርጋችሁ፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር የፋይሉ ስም ላይ ጽፋችሁ፣ በማይለወጥ አድራሻ ብታስቀምጧቸው ቀጣዩ አጥኚ ከምንጩ ያነባችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ